በውኃ የማይለቅ ሙጫ

ጠጋ ጠጋ በሉልኝ፤ በር አካባቢ የተቀመጣችሁም ወደ ውስጥ ግቡ፤ የምወስዳችሁ አገር ብርድ ነውና ተቀራርቦ መሄድ ይሻላል። ሜዲትራኒያንን እንሻገርና፣ ከዚያም የአልፕስን ተራሮች ወጥተን እንወርድና፣ ከዚያም ጀርመንን ከደቡብ እስከ ሰሜን እናቋርጥና፣ ምድሩ እንደ አውራ ጣት ወደ ባሕር የተቀሰረበት ቦታ ስንደርስ ዩትላንድ ገባን ማለት ነው፤ የዴንማርክ ምድር። እዚያም አንቆምም። ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበልን ወደ መሃል አገር እንዘልቃለን፤ ከዚያም ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን የተኙበት፣ ባለ ሁለት ግንብ ካቴድራል ከሩቅ የሚታይበት ኮረብታ ላይ ስንደርስ ጓዛችንን እናወርዳለን። ከተማዪቱ ቪቦርግ ትባላለች። ነዋሪዋ አርባ ሺህ ያህል ነው፤ ሕጻን ሽማግሌ ሳይቀር ተጠራርተው ቢመጡ አንድ ትልቅ ስታዲየም አይሞሉም።

ይህች ከተማ በሴቶች እጅ ኳስ ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ንግሥት ሆናለች። የዛሬው ጨዋታችንም ስለ ጨዋታ ነው፤ እንዴት እዚያ እንደደረሰች፣ ስንት ጊዜ ደጃፉ ላይ እንደተመለሰች፣ ከዚያም በኋላ ምን እንደሆነች።

ቪቦርግ ለንግሥና እንግዳ አይደለችም። ስሟ የተቀደሰ ኮረብታ ማለት ነው፤ የጥንት ሰዎች ለአምልኮ ይሰበሰቡባት ነበር። በኋላም የዴንማርክ ነገሥታት ሲነግሡ እዚች ኮረብታ ላይ በሚቀመጠው ሸንጎ ፊት ቀርበው፣ ሕዝቡ እልል ብሎ ሲቀበላቸው ነው ንግሥናቸው የሚታወጀው፤ ይህ ሥርዓት በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1655 ዘልቋል፤ ዓመቱን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። ከከተማዪቱ ደጃፍ የሚነሣ አንድ ጥንታዊ መንገድ አለ። ወታደር ሄዶበታል፣ ነጋዴና ተሳላሚ ሄዶበታል፣ የዩትላንድ ገበሬዎችም የሰቡ በሬዎቻቸውን እየነዱ ወደ ጀርመን ገበያ ወርደውበታል። በ1726 እሳት ተነሥቶ ብዙውን ክፍሏን በላው፤ እንደገና ሠሯት። ዙሪያዋን ያለው ምድር ደግሞ ቁጥቋጦ እንጂ እህል የማያበቅል አሸዋማ ሜዳ ነበር፤ በ1866 የተቋቋመ አንድ ማኅበር ዛፍ እያስተከለ፣ ነፋሱን በዛፍ እየጋረደ፣ አፈሩን እያለማ፣ አያት የተከለው ጥድ ለልጅ ልጅ ጥላ ሆነ። ይህን የምነግራችሁ ለጌጥ አይደለም። የዚያ አገር ሰው ቆይቶ የሚደርስ ነገርን መጠበቅ እንደሚያውቅ እንድትይዙልኝ ነው፤ ወደፊት እንፈልገዋለን።

ክረምቱንም ልንገራችሁ። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ትወጣና፣ ዝቅ ብላ ጣራ ለጣራ ትሄድና፣ ገና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው፤ ዝናብ ያዘለ የምዕራብ ነፋስ፣ እርጥብ አስፋልት፣ የብስክሌት መብራት። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ትልቅ ብርሃን ይታያችኋል፤ የስፖርት አዳራሹ መስኮት ነው። በዴንማርክ ነዳጅ ማደያ የምታክል ከተማ እንኳ የስፖርት አዳራሽ አላት ብል ብዙ አልሳሳትም፤ አዳራሾቹም በአብዛኛው የተሠሩት በአንድ ልክ ነው፤ ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር። ይህ የእጅ ኳስ ሜዳ ልክ ነው። እስቲ አስቡት፤ አገሩ ሁሉ ለአንድ ጨዋታ ልክ ቤት ሠርቶ፣ ሌላው ስፖርት ተጠግቶ ሲኖር።

ጨዋታው ራሱ የእነሱ ነውና አይገርምም። ሆልገር ኒልሰን የሚባል መምህር ነበረ፤ በኮፐንሃገን አቅራቢያ ኦርድሩፕ በምትባል ቦታ ያስተምር ነበር። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ እግር ኳስ ሲጫወቱ መስኮት እየሰበሩ ስላስቸገሩ ኳስ መምታት ተከለከለ ይባላል፤ እሱም እንግዲያስ በእጃችሁ ተጫወቱ አላቸው። ይህ የሆነው በ1898 ነው፤ ከዚያም በ1906 ሕጉን ጽፎ አሳተመው። ይህ ሰው በ1896 በመጀመሪያው የአቴንስ ኦሎምፒክ ተወዳድሮ ሜዳሊያ ያገኘ ነው፤ በስተርጅናውም ውኃ የወሰደውን ሰው ትንፋሽ የሚመልሱበትን ዘዴ ፈጠረ፤ ዘዴውም በስሙ ተጠርቶ በዓለም ለብዙ ዓመታት ተሠራበት። እንዲህ ያለ ሰው ነው የጨዋታው አባት።

በእኛም አገር በትምህርት ቤት ግቢ የተጫወታችሁት ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ባጭሩ፦ በየወገኑ ሰባት ሰው፣ ከሰባቱ አንዷ ግብ ጠባቂ፣ ሁለት ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ። ኳሷን ይዞ ከሦስት እርምጃ በላይ መሄድ የለም፤ ከሦስት ሰከንድ በላይ ይዞ መቆምም የለም። ግቡን እንደ ቅስት የከበበ መስመር አለ፣ በስድስት ሜትር፤ ከዚያ ውስጥ ከግብ ጠባቂዋ በቀር ማንም አይረግጥም። ነገር ግን አየሩ አልተከለከለም። ስለዚህ አጥቂዋ መስመሩ ጫፍ ላይ ትነሣለች፣ ትንሳፈፋለች፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ትወረውራለች፣ ከዚያም ትወድቃለች። የእጅ ኳስ ውበቱ ያ በመነሣትና በመውደቅ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ግብ ጠባቂዋ እጅና እግሯን እንደ መስቀል ዘርግታ ትጠብቃለች፤ ኳሱም እንደ ጥይት ይመጣባታል፤ እሷም ፊቷን አታዞርም።

ኳሱ ከእጅ እንዳያመልጥ ጣታቸውን ሙጫ ይቀቡታል። ጥንት የጥድ ሙጫ ነበር። ተጫዋቿ ጫማዋ ጀርባ ላይ ጥቂት ለጥፋ ትገባለች፤ ጨዋታው ሲቆም ጎንበስ ብላ በሁለት ጣቷ ትነካካውና ትነሣለች። ያቺን ጎንበስ ማለት ልብ ብላችሁ እዩዋት፤ በአንድ ጨዋታ ሃምሳ ጊዜ ታዩዋታላችሁ። ሙጫው በውኃ አይለቅም። ሳሙናም አይበግረውም። ዘይት ነው የሚያስለቅቀው።

ቪቦርግ የእጅ ኳስ ክለብ የተመሠረተው በ1936 ነው። ክለብ ስል በከበርቴ የተገዛ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በዴንማርክ ክለብ ማለት ማኅበር ነው፤ እንደ እድራችን አባል የሚመዘገብበት፣ መዋጮ የሚከፈልበት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ጉባኤ ተጠርቶ ሒሳብ የሚሰማበት። ሰዓት የሚይዘው በፈቃዱ ነው፤ ቡና የምታፈላው በፈቃዷ ነው፤ የስምንት ዓመት ሕጻናትን ማክሰኞ ማክሰኞ የምታሠለጥነው የአንዷ ልጅ እናት ናት። በኋላ ደመወዝ መጣ፣ ስፖንሰር መጣ፣ የዋናው ቡድን ገንዘብ ለብቻው በኩባንያ መልክ ይተዳደር ጀመር፤ ይሁን እንጂ ከሥሩ ያለው ማኅበር አልፈረሰም። የዓለም ኮከብ የምትለማመድበት አዳራሽ ሕጻናቱ የሚለማመዱበት አዳራሽ ነው፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ በሩ ላይ ይተላለፋሉ።

ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ዋንጫ ወደ ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር። ከዚያም 1994 መጣ፤ አረንጓዴ ለባሾቹ የቪቦርግ ሴቶች የዴንማርክ ሻምፒዮን ሆኑ፤ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ፌዴሬሽኑን ዋንጫ ወሰዱ። ያ ዘመን የዴንማርክ ሴቶች የተነሡበት ዘመን ነው። ኡልሪክ ቪልበክ የሚባል አሠልጣኝ ከ1991 ጀምሮ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ነበርና፣ በ1994 አውሮፓን፣ በ1996 አትላንታ ላይ ኦሎምፒክን፣ በዚያው ዓመት እንደገና አውሮፓን፣ በ1997 ዓለምን አሸነፉ። አገሬው የብረት ሴቶች አላቸው። በአትላንታው ፍጻሜ ከደቡብ ኮሪያ ጋር ተያይዘው፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ለኮሪያ የሰባት ሜትር ቅጣት ተሰጠ፤ ግቧ ውስጥ የቆመችው ሱሳኔ ሙንክ ላውሪትሰን አዳነችው፤ ከዚያም በተጨማሪ ሰዓት 37 ለ 33 ተፈጸመ። ከዚያ ቡድን ውስጥ አረንጓዴውን ማልያ የሚለብሱ ብዙ ነበሩ። ቀጥሎ ሲድኒ በ2000፣ ቀጥሎ አቴንስ በ2004፤ ሦስት ኦሎምፒክ በተከታታይ፣ ሦስት ወርቅ። በሴቶች እጅ ኳስ ሌላ አገር ያላደረገው ነው። ቪልበክም ብሔራዊ ቡድኑን ካስረከበ በኋላ ወደ ቪቦርግ መጥቶ የከተማዪቱን ሴቶች አሠለጠነ። ይህን ሰው ስሙን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

እንግዲህ አገር ውስጥ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ይደረደር ጀመር። አንድ ዋንጫ ግን አልገባም፤ ትልቁ፣ ሻምፒዮንስ ሊግ። በ1997 እስከ ፍጻሜ ሄዱና የቫሌንሲያ ሴቶች አሸነፏቸው። አራት ዓመት ቆይተው በ2001 እንደገና ለፍጻሜ ደረሱና የስሎቬኒያው ክሪም ሉብሊያና አሸነፋቸው። በዚያ ዘመን ፍጻሜው እንደ ዛሬው በአንድ ከተማ በሁለት ቀን የሚያልቅ አልነበረም፤ አንዱ ጨዋታ በቤትህ፣ አንዱ በባላጋራህ ቤት ነው። ስለዚህ ሽንፈትም መንገድ አለው። በአውሮፕላን ትመለሳለህ፣ ከዚያም አውቶቡስ ውስጥ ትገባለህ፣ ከዚያም በዩትላንድ ሜዳ ላይ ጥቂት ሰዓት ትጓዛለህ፤ የገበሬ ቤት መብራት አንድ በአንድ ያልፋል፤ ማንም ብዙ አያወራም። እኛ ሰዎች የድል ጉዞን በዘፈን እናስታውሳለን፤ የሽንፈትን ጉዞ ግን በመስኮቱ እናስታውሳለን፣ ግንባራችንን ባስደገፍንበት በቀዝቃዛው መስተዋት።

ታዲያላችሁ፣ በዚህ መካከል ባላጋራ ተነሣች። ከባሕሩ ማዶ፣ በሼላንድ ደሴት ምዕራብ በኩል ስላጌልሴ የምትባል፣ ከቪቦርግም ያነሰች ከተማ አለች። አሠልጣኟ አንያ አንደርሰን ነበረች። አንያ በተጫዋችነቷ የአትላንታን ወርቅ ያጠለቀች፣ በ1997 የዓለም ምርጥ ተብላ የተመረጠች፣ ከጀርባዋ ኳስ የምታሳልፍ፣ ቁጣዋም እንደ ችሎታዋ የታወቀ ሴት ናት። ስላጌልሴን ከታች አንሥታ ወደ ላይ አወጣችው፤ ከሩቅ አገርም ተጫዋቾች አመጣች። ከመጡት አንዷ ቦያና ፖፖቪች ናት፤ በሞንቴኔግሮ ተራሮች መካከል ኒክሺች በምትባል ከተማ በ1979 የተወለደች። በ2002 ስትመጣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበረች።

አሁን ጉዞውን እዩልኝ። ከቪቦርግ ወደ ስላጌልሴ ለመሄድ አውቶቡሱ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ትንሹን የባሕር ወሽመጥ በድልድይ ይሻገራል፣ የፊውንን ደሴት ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፣ ከዚያም ታላቁ ድልድይ ላይ ይወጣል። ይህ ድልድይ ለመኪና የተከፈተው በ1998 ነው፤ ከዚያ በፊት መኪናው ሁሉ በመርከብ ነበር የሚሻገረው። ከዳር እስከ ዳር 18 ኪሎ ሜትር ነው፤ ምሰሶዎቹ ከባሕሩ በላይ 254 ሜትር ይቆማሉ። ነፋስ ሲበረታ ይዘጋል። ያልተዘጋ እንደሆነ ደግሞ አውቶቡሱ በነፋሱ እየተወዛወዘ፣ ከግራም ከቀኝም ግራጫ ባሕር፣ ከላይም ግራጫ ሰማይ እያየህ ትሄዳለህ። ተጫዋቾቹም እግራቸውን ወንበር ላይ ዘርግተው፣ አንዷ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ፣ አንዷ የትምህርት መጽሐፏን ገልጣ፣ አንዷ ተኝታ። እንዲህ እየተመላለሱ ዓመታት አለፉ። የአገሩ ዋንጫም አብሮ ይመላለስ ነበር፤ በ2002 ቪቦርግ፣ በ2003 ስላጌልሴ፣ በ2004 ቪቦርግ፣ በ2005 ስላጌልሴ፣ በ2006 ቪቦርግ፣ በ2007 ስላጌልሴ። ሁለት ጎረቤታሞች በሬ ተዋውሰው ሲያርሱ እንደሚሆነው፣ አንድ ዓመት ለአንቺ፣ አንድ ዓመት ለእኔ።

ነገር ግን በትልቁ ዋንጫ ስላጌልሴ ቀደመች። በ2004 ወሰደችው፤ በ2005 ደገመችው። ቪቦርግ ሁለቴ ፍጻሜ ደርሳ ሁለቴ የተመለሰችበትን ዋንጫ፣ ትናንት የተነሣችው ጎረቤት ሁለት ዓመት በተከታታይ መደርደሪያዋ ላይ አኖረችው። ለሰው ልጅ ከባዕድ ድል ይልቅ የጎረቤት ድል ነው እንቅልፍ የሚነሣው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ቪቦርግ ግን ክፉ አልተናገረችም፤ ሥራዋን ቀጠለች። ከጀርመን ግሪት ዩራክ መጥታ ነበር፤ በግራ እጇ የምትወረውር፣ ለአገሯ ከ300 በላይ ጨዋታ ተጫውታ ከ1,500 በላይ ግብ ያገባች፣ በጀርመን ሴቶች ዘንድ ማንም ያልደረሰባት። ከአገር ልጆች ደግሞ ሪኬ ስኮው ነበረች፤ አቴንስ ላይ ወርቅ ያጠለቀች፣ የተጫዋችነት ዕድሜዋን አብዛኛውን በአረንጓዴው ማልያ ያሳለፈች። እንዲህ ያለች ሰው በየቡድኑ አንዳንድ አለች፤ ሌሎች ሲመጡና ሲሄዱ እሷ ቁልፍ እንደተሰጣት የቤት ልጅ ትቀመጣለች።

በ2006 ለሦስተኛ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሱ። ከፊታቸውስ ማን ቆመ? ክሪም ሉብሊያና፤ ያ ከአምስት ዓመት በፊት ያስለቀሳቸው። ሁለት ጨዋታ፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፤ መቶ ሃያ ደቂቃ። ሁለቱ ጨዋታ ሲደመር ቪቦርግ አሸነፈች። ከ1997 እስከ 2006 ዘጠኝ ዓመት ነው። በ1997 አዳራሹ ውስጥ በአባቷ ትከሻ ላይ ተቀምጣ ያየች የአምስት ዓመት ልጅ፣ በ2006 አሥራ አራት ሆኗት ራሷ በክለቡ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ትጫወት ይሆናል። እንግዲህ ያ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኋችሁ የጥዱ ነገር ይኸው ነው፤ ይህ ሕዝብ ዛፍ ተክሎ መጠበቅ ያውቃል።

ታሪኩ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚጣፍጠው። በ2007 ስላጌልሴ ትልቁን ዋንጫ ለሦስተኛ ጊዜ ወሰደች፤ ፖፖቪችም የዋንጫው አድራጊ ፈጣሪ ነበረች። ከዚያም በዚያው ዓመት ሻንጣዋን ሸክፋ፣ ያንኑ ድልድይ ተሻግራ፣ ያችኑ ደሴት አቋርጣ፣ ወደ ቪቦርግ መጣች። አምስት ዓመት ሙሉ በየአዳራሹ ሲፈሯት የነበሩ ሰዎች በር ከፍተው ተቀበሏት። ቪቦርግ በ2008 የአገሩን ዋንጫ ወሰደች፤ ተራዋ ነበርና። በ2009 ግን ተራ መጠበቅ ቀረ። የሃንጋሪውን ጅዮርን በፍጻሜ አሸንፈው ሻምፒዮንስ ሊግን ለሁለተኛ ጊዜ ወሰዱ። በ2010 ደግሞ የሩማኒያው ኦልትኪም መጣ፤ በአንድ ታላቅ የኬሚካል ፋብሪካ ገንዘብ የቆመ፣ ስመ ጥር ተጫዋቾችን የሰበሰበ ክለብ። እሱንም አሸነፉ። ሦስተኛው ዋንጫ ገባ። በሁለቱም ዓመት የአገሩም ዋንጫ የእነሱ ነበር።

እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እንቁጠረው። ከ2004 እስከ 2010 ሰባት ዓመት ነው። ከሰባቱ የአውሮፓ ሴቶች ዋንጫ ስድስቱ ወደ ዴንማርክ ገባ፤ ሦስቱ ወደ ስላጌልሴ፣ ሦስቱ ወደ ቪቦርግ። አንዱን ብቻ፣ የ2008ቱን፣ የሩሲያው ዝቬዝዳ ወሰደው። ለንደን አይደለም፣ ፓሪስ አይደለም፣ ኮፐንሃገንም አይደለም፤ ሁለቱ ትንንሽ ከተሞች ናቸው። እኔ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ሴት ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ሕዝቡ የሚከፍለውን ከፍሎ፣ ጨለማውን ተሻግሮ፣ አዳራሽ የሚሞላበት ቦታ በዓለም ላይ ስንት አለ? እዚያ ትንሽዋ ልጅ ስታድግ እሆናለሁ የምትለው ሰው በሩቅ አገር የሚኖር ወንድ ኮከብ አልነበረም፤ በአዳራሹ በር ላይ የምትተላለፋት፣ ስሟን የምትጠራት፣ ጣቷ ላይ ሙጫ ያለባት ሴት ነበረች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዋንጫው ይበልጣል።

ፖፖቪች በ2010 ወደ ተራራ አገሯ ተመለሰች። በፖድጎሪጻ ከሚገኘው የቀድሞ ክለቧ ጋር ሆና በ2012 ያንኑ ዋንጫ ወሰደች፤ ለእሷ ስድስተኛዋ ነበር፤ ሦስቱ በስላጌልሴ፣ ሁለቱ በቪቦርግ፣ አንዱ በቤቷ። በዚያው ዓመት ለንደን ኦሎምፒክ ላይ አገሯን ይዛ እስከ ፍጻሜ ደረሰች፤ ኖርዌይ አሸነፈቻቸውና ብር አጠለቁ። ሞንቴኔግሮ ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያ ብር ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ቀኑ ዞረ። የ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ቀስ እያለ የትንንሽ ከተሞችን ኪስ ነካ፤ ማልያ ላይ ስሙን የሚያጽፈው የአካባቢው ነጋዴ ብዕሩን ይዞ ማመንታት ጀመረ። በሃንጋሪ፣ በሩማኒያ፣ በሩሲያ ደግሞ ከተማና ፋብሪካ የሚደጉማቸው ክለቦች ከፍ ያለ ደመወዝ ይዘው ቀረቡ። ኮከቦቹ ወደዚያ ሄዱ፤ ሰው ለሥራው ዋጋ ሲያገኝ አይነቀፍም። ቪቦርግ በ2014 አንድ ጊዜ እንደገና በራች፤ የአገሩን ዋንጫና የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ በአንድ ዓመት ወሰደች። ከዚያ በኋላ የአገሩ ዋንጫ ወደ ሌሎች ሄደ፤ ወደ ኤስቢየርግ፣ ወደ ኦደንሴ። ትልቁ ዋንጫማ ከ2010 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ዴንማርክን አልረገጠም፤ በ2025 ኦደንሴ ፍጻሜ ደርሳ ጅዮር መለሰቻት። ስላጌልሴማ ከላይኛው ጠረጴዛ ከተነሣች ቆየች።

ያዙልኝ ያልኋችሁ አሠልጣኝስ? ቪልበክ የወንዶቹንም ብሔራዊ ቡድን ለዓመታት አሠልጥኖ ካበቃ በኋላ ለምርጫ ተወዳደረና፣ ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ የቪቦርግ ከንቲባ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ነገሥታት በሸንጎ ፊት ይቀርቡባት በነበረችው ኮረብታ ላይ ሕዝቡ የእጅ ኳስ አሠልጣኙን መረጠ። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አልፈልግም።

እና ግንቦት 2022 መጣ። በአውሮፓ ሁለተኛ ደረጃ የሆነው ዋንጫ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች የሚገናኙት ቪቦርግ ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ ቪቦርግም ከአራቱ አንዷ ነበረች። ግንቦት እዚያ አገር ደግ ወር ነው፤ ጨለማው ሸሽቷል፣ ምሽቱ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ወገግ ያለ ነው፣ የሐይቆቹ ዳር ዛፍ ለምልሟል። አረንጓዴ ለባሾቹ ግማሽ ፍጻሜውን አልፈው ለፍጻሜ ቀረቡ። በቤታቸው፣ በሕዝባቸው ፊት፣ ከስንት ዓመት በኋላ የአውሮፓ ፍጻሜ። የጀርመኑ ቢቲግሃይም ግን በዚያ ዓመት የሚቀመስ አልነበረም። 31 ለ 20 ተፈጸመ።

አሥራ አንድ ግብ ነው ልዩነቱ። በዚህ ጊዜ አውቶቡስ የለም፤ ቤታቸው ናቸውና በመስኮት የሚያልፍ የገበሬ መብራት የለም። አዳራሹ ይጸዳል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ማክሰኞ ደግሞ ይከፈታል።

ማክሰኞ ዕለት፣ የስምንት ዓመት ልጆች የሚለማመዱበት ሰዓት ነው። አንዷን በዓይነ ኅሊናዬ አያታለሁ፤ እናንተም እዩዋት። ለልጆቹ ሙጫ አይፈቀድም፤ ኳሳቸው ትንሽ ነው፤ ወለሉም እንዳይበላሽ ይጠነቀቃሉ። እሷ ግን ዋናው ቡድን ሲወጣ የግቡ ብረት ላይ ተለጥፎ የቀረውን ጠብታ ታገኘዋለች፤ ትልልቆቹ ለክፉ ቀን ብለው የሚለጥፉት ነው። ዙሪያዋን ታያለች፤ ከዚያም በሁለት ጣቷ ነካ ታደርገውና ኳሷን ታነሣለች፤ ኳሷም አልወድቅ ትላለች። መዳፏን ወደ ታች ብታዞረውም አትወድቅም። ልምምዱ ያልቃል፤ ጃኬቷን ትለብሳለች፤ በብስክሌቷ ቁልቁለቱን ይዛ፣ በሐይቁ ዳር፣ በካቴድራሉ ሥር አድርጋ ቤቷ ትገባለች። እናቷ እጅሽን ታጠቢ ትላታለች። በውኃ ትሞክራለች፣ በሳሙና ትሞክራለች፣ አይሆንም። ከዚያም እናቷ የእጇን መጣበቅ ታይና፣ ምንም ሳትናገር የዘይት ጠርሙሱን ከመደርደሪያው ታወርድላታለች።